በካፖርቱ ገበር ውስጥ የተገኘው ካርድ

«ከመውሰድሽ በፊት ሕጌን ታውቂያለሽ አይደል?» አሉ ልብስ ሰፊው ጋሽ ሬድዋን።

ሐሴት ጃኬቱን ለብሳ መስታወት ፊት ቆማለች... ማውለቅ አልፈለገችም።

ትከሻው ልክክ ብሏል። ኮሌታው ከቡና ጆንያ ነው የተሠራው።

«የምን ሕግ ጋሼ?»

ጋሽ ሬድዋን ከመቀሳቸው ቀና ብለው ወደ ግድግዳው ጠቆሙ።

ቆይ... ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ሐሴት በሚዛን ተፈሪ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው።

ባለፈው የመስቀል ዋዜማ እሷን ጨምሮ ሦስት ሴቶች አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው ቢሮ ገቡ... ቀለሙ ሳይቀር አንድ።

ኃላፊያቸው አቶ ፍቅሩ ከመነጽራቸው በላይ አይተዋቸው፣ «ዩኒፎርም ተፈቀደልን እንዴ?» አሉ።

ቢሮው ሲስቅ ዋለ። ሐሴት ግን ቀሚሱን ዳግመኛ አልለበሰችውም።

ከበዓሉ በኋላ የሥራ ባልደረባዋ መክሊት እጇን ይዛ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለች ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ወሰደቻት።

«እዚህ ያሰፋሽውን ልብስ ሌላ ሰው ላይ አታዪውም» አለቻት።

ጋሽ ሬድዋን አዲስ ጣቃ አይገዙም። ያረጀ ሱሪ፣ የተቀደደ ጋቢ፣ የቡና ጆንያ... ሰው የጣለውን ይፈታሉ፣ ያጥባሉ፣ እንደገና ይሰፋሉ።

ሲሰፉ ደግሞ ጨርቁን ይገለብጡታል። ፀሐይ የበላው ፊት ወደ ውስጥ ይገባና ገበር ይሸፍነዋል፤ ፀሐይ ያላየው ፊት ወደ ውጭ ይወጣል።

የራሳችሁን አሮጌ ልብስ መልሰው ቢያለብሷችሁ አታውቁትም... እውነቴን ነው።

ሐሴት በሁለት ወር ውስጥ ከጆንያ ሰደርያ፣ ከጋቢ ጉርድ ቀሚስ አሰፋች። መንገድ ላይ እያስቆሙ «ከየት ነው የገዛሽው?» የሚሏት በዙ።

ጃኬቱ ሦስተኛዋ ነበር።

የጋሽ ሬድዋን ሕግ ደግሞ ይሄ ነው... አሮጌ ልብስ ሲፈቱ ያገኙትን ነገር ከልብሱ ቁራጭ ጋር በመርፌ ቁልፍ አያይዘው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ልብሱን የሚወስድ ሰው ሳያየው አይወጣም። ሐሴት ቀድማ ያሰፋቻቸው ጆንያና ጋቢ ኪስ ስለሌላቸው ሕጉ እስከዚያ ቀን አልደረሰባትም።

«የሰው ኪስ አማና ነው፤ አደራ። ምናልባት ባለቤቱን ታውቂው ይሆናል» አሉና አንዱን አወረዱላት።

ቁራጩ የነጣ ሰማያዊ ጨርቅ ነው። ጥጉ ላይ እሳት ያሳረራት ነጥብ አለች።

ሐሴት ነጥቧን በጣቷ ዳበሰቻት።

ታውቃታለች...

የአባቷ የአቶ ባየ ካፖርት ነው።

አቶ ባየ ቴፒ አጠገብ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ዘበኛ ነበሩ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት ብቻቸውን ነው። ያንን ካፖርት ክረምት ከበጋ ይለብሱት ነበር፤ አንዴ እሳት ሲሞቁ ጫፉ ተቃጥሏል።

የዛሬ ሦስት ዓመት ሐሴት ጅማ ስትመረቅ አባቷ አልመጡም።

ጋውን ለብሳ ሕዝቡ መሀል ስትፈልጋቸው ዋለች... የሉም።

ማታ ስትደውል «ሥራ በዛብኝ ልጄ» አሏት።

አልረሳችላቸውም። አምና ሲሞቱም ቂሙ ውስጧ ነበር። አርባቸው ሲወጣ ልብሳቸውን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡ ችግረኞች ሰጠች... ካፖርቱን መጀመሪያ።

«ከማን አገኙት?» አለች።

«ከአንድ ሽማግሌ። ከበደኝ ሲሉ በቀላል ኮት ለወጥኩላቸው። ኪሱ ቀዳዳ ኖሮት ይሄ ወደ ገበሩ ሾልኮ ገብቷል።»

ከቁራጩ ላይ ፈትተው አራት ቦታ የታጠፈ ካርድ ሰጧት።

ገለጠችው።

የምርቃት መጥሪያ ነው... «የተመራቂ ስም፦ ሐሴት ባየ»።

ራሷ ናት በአውቶቡስ የላከችላቸው። ካርዱን ከላከች በኋላ ግን ምርቃቷ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ደውላ ነበር። ያለችውን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለራሷም አስታውሳው አታውቅም።

«አባዬ፣ ያንን ካፖርት ለብሰህ እንዳትመጣ። ጓደኞቼ አሉ። ሌላ ልብስ ከሌለህ... ይቅርብህ።»

ካርዱን አገላብጣ አየችው።

ጥጉ ተቀዷል።

የምርቃቱ ቀን በር ላይ የቆሙት ጥበቃዎች የሚገባውን ሰው ካርድ ጥጉን ቀድደው ነበር የሚመልሱት። ያልገባ ሰው ካርድ አይቀደድም።

አባቷ መጥተዋል... ገብተዋል... አይተዋታል።

ከዚያ ካፖርቱ እንዳያሳፍራት ሳትመለከታቸው ተመልሰው ሄደዋል።

ሐሴት በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በኋላ ጃኬቱን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አትወስጂውም?»

«እወስደዋለሁ ጋሼ። ግን መልሰው ይገልብጡልኝ። የነጣው ፊት ወደ ውጭ ይሁን... ይቺም የተቃጠለችው ቁራጭ ደረቱ ላይ ትሰፋልኝ።»

ጋሽ ሬድዋን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሰፋሁ። ሰው ሁሉ አሮጌውን ደብቅልኝ ነው የሚለኝ።»

«እኔም አባቴን እንደዚያ ብዬው ነበር» አለች ሐሴት። «ለዚያ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ለብሳው ቢሮ ገባች።

አቶ ፍቅሩ ደረቷ ላይ ያለችውን ነጥብ አይተው «ይሄ ደግሞ ከየት ነው?» አሉ።

«የአባቴ ነው» አለች፤ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ።

ወዳጆቼ... አሮጌ ልብስ ስትሰጡ ኪሱን ፈትሹ፣ ገበሩንም ዳብሱ። ከዚያ በፊት ግን ልብሱን የለበሰውን ሰው እዩት። እናንተን አዲስ ለማልበስ ሲል ነው አሮጌውን ያልቀየረው። ያንን ሳናይ በልብሱ እናፍርበታለን... እኔም አፍሬ አውቃለሁ፣ አልዋሻችሁም።

እናንተስ... በለበሰው ልብስ ያፈራችሁበት ሰው አለ? ዛሬ ብታገኙት ምን ትሉታላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉት፤ በሕይወት ካለ ግን መጀመሪያ ለእሱ ደውሉለት።