የባለቤታቸው ግጥም

በእጅ የተጻፈ ሁሉ ዓይን ሲያርፍበት መጥፋት ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የሚነበበው አንዴ ብቻ ነው። ወይዘሮ ኦርላ የሟች ባላቸውን ግጥም ነገ አነበዋለሁ እያሉ በዱቄት ጣሳ ውስጥ ሲያቆዩት ዓይናቸው ጠፋ። ዛሬ ጎልዌይ ከተማ ወደምሠራበት ቤተ መዛግብት ይዘውት መጡ።

«ጮክ ብለህ አንብብልኝ፤ በቃሌ እይዘዋለሁ» አሉኝ።

ወረቀቱን ዘረጋሁና፣ የሠላሳ ዓመት ልማድ ሆኖብኝ፣ እርጥበትና እድፍ ፍለጋ ከላይ እስከ ታች ቃኘሁት። ጽሑፉ ጠፋ። ጥጉ ላይ ባላቸው የሳላት ጀልባ ብቻ ቀረች።

«ምነው ዝም አልክ?»

ከግጥሙ አንድ ቃል አልያዝኩም፤ የማስታውሰው የዱቄቱን እድፍ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግኩና ስለ ጀልባ ከራሴ መፍጠር ጀመርኩ። እሳቸው እንባቸውን እያበሱ እያንዳንዱን ቃል ከኋላዬ ደገሙ።