የተነገረ መድኃኒት

መድኃኒት አዋቂው ጋሽ ዘርጋው ማለዳ ቅጠል ሊቆርጡ ሲወጡ ማንንም ሰላም አይሉም፤ ከተናገሩ መድኃኒቱ ይረክሳል። ይህን የምታውቀው ጎረቤታቸው አስካለ ሁልጊዜ ፊቷን ታዞርላቸው ነበር።

አዲሱ አዋጅ ግን አዋቂ ሁሉ ምስጢሩን ለጤና ጣቢያ እንዲናገር አስገደደ። በየጓሮው የመድኃኒት ተክል ላይም፣ ሲነኩት የአዋቂውን የተቀዳ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ታሰረ። ዛሬም ጋሽ ዘርጋው ቅጠሉን ገና ሲነኩት፣ የገዛ ድምፃቸው «ለሳል ነው፤ አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ጠጡት» አላቸው።

«የአባቴን አደራ በላሁ!» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ።

ያው ድምፃቸው ከአጥሩ ማዶ ተሰማ። አስካለም ከጓሮዋ እየቆረጠች ነው። ክረምቱን ሙሉ ሳል ሲያጣድፋት የከረመችው የልጅ ልጇ አጠገቧ እየዘፈነች ትዘላለች።

ጋሽ ዘርጋው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንዴት አደርሽ፣ አስካለ?»

አስካለ በድንጋጤ ዞረች። «ውይ ጋሼ! መድኃኒቱስ?»

«ሲወራም ያድናል ለካ።»