ሸምዳጅ አዳኙ

ጓድ ፈንታሁን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በወረደ ቁጥር ሐረጎ ላይ ካፖርቱን ያወልቃል፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ ሸምዳጅ ይይዛል። ሥራው የመሠረተ ትምህርት ተፈታኞችን ማስነበብ ነው። ያነበበ ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፣ ያላነበበ ለሚቀጥለው ዙር ይቆያል። ማንበብ ሳይችሉ መጽሐፉን በቃላቸው ይዘው የሚመጡትን ነው ሸምዳጅ የሚላቸው፤ እነሱን በመያዝ አቻ የለውም። ባለፈው ዙር ብቻ አሥራ አንድ ይዟል። አሥራ አንዱንም በስም ያስታውሳቸዋል፣ ቂም ግን የለውም፤ እንዲያውም ይወዳቸዋል።

«በዚህ አገር መሸምደድ ምን ይገርማል?» ይላል ለሰሚው ሁሉ። «ቁርዓኑን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የሚቀራ፣ ዳዊቱን ዓይኑን ጨፍኖ የሚደግም ሕዝብ ነው። አርባ ገጽ ቁርሱም አይሆን።»

በ1974 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አንዲት ተፈታኝ ብቻ ቀርታው ነበር። የልብስ ሰፊው የበሺር ሚስት ረሂማ ናት። ክፍል ያልገባም ቢሆን መፈተን ስለሚፈቀድለት ነው እንጂ ረሂማ የክፍሉን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። የተማረው ባሏ ነው።

አስተማሪዋ ሸዋረጋ ነገሩን ለፈንታሁን አስረዳችው። በሺር ከትምህርት ሲመለስ መጽሐፉን የስፌት መኪናው ላይ ዘርግቶ ጮክ ብሎ ያነባል። ረሂማ ከመኪናው ማዶ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። እሱ በመቀሱ ጫፍ ፊደሉን እየነካ ሲሄድ እሷም አብራው ትላለች። እንዲህ ሲሉ ዓመት ሞላቸው።

«እሱ ራሱ ሁለቴ ወድቆ በሦስተኛው ነው ያለፈው» አለች ሸዋረጋ። «እሷ ግን ትበልጠኛለች ይላል።»

«ዓመት ሙሉ ጮክ ብሎ ካነበበላትማ በቃ፣ አሥራ ሁለተኛዋን አገኘሁ» አለ ፈንታሁን እየሳቀ።

ለረሂማ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር የልብስ ስፌት ቤት ሊከፍት ነው፤ የልኬት መዝገብ ማንበብ የምትችል ኃላፊ ይፈልጋል። በእጅ ሙያ ረሂማን የሚደርስባት የለም፣ የጎደላት ወረቀቱ ብቻ ነው። ዛሬ ካላለፈች ቦታው ሰኞ ለሌላ ይሰጣል። ይህን ስታስብ ሦስት ቀን እህል በአፏ አልዞረም።

ገባች። በሺር ከበሩ ላይ ቀረና ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በጣቱ ይጠቀልለው ጀመር።

ፈንታሁን መጽሐፉን ገልጦ ሰጣት። ተቀበለችና ገልብጣ ያዘችው። ሥዕሉ ላይ ያለው በሬ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቀለ። ረሂማ ያንን ገጽ አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ፣ ደስ በሚል ድምፅ ተወጣችው። በመስኮት የሚያዩት ሰዎች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

ፈንታሁን ጢሙን ደባበሰ። ሌላ ገጽ ገለጠላት፤ እሱንም ገልብጣ አነበበች። ሦስተኛውንም እንዲሁ። በዚህ ሁሉ ዙር እንዲህ ያለ ጨዋ ሸምዳጅ ገጥሞት አያውቅም።

«እህቴ፣ ቃል መያዝሽ ማሻ አላህ ነው» አለና መጽሐፉን ቀና አድርጎ ራሱ ያዘላት። ጣቱን አንድ ፊደል ላይ አሳረፈ። «ይቺ ማን ናት?»

ረሂማ አየች። አንገቷን ወደ ቀኝ ዘመም አደረገች፣ ወደ ግራም ሞከረች። ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ።

«ወላሂ፣ አላወቅኋትም።»

«ይቺስ?»

«ይቺንም። ቅድም እኮ ሁሉንም አውቃቸው ነበር፣ ጓድ። እስቲ እንደ ቅድሙ ልያዘው።»

«እንደ ቅድሙ ከያዝሽውማ የሚያነበው ዓይንሽ ሳይሆን ልብሽ ነው» አላት በለሆሳስ።

«አብሽሪ፣ ረሂማ» አለ በሺር ከበሩ፤ ድምፁ ግን ራሱንም የሚያጽናና አልነበረም።

ሸዋረጋ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። «ጓድ ፈንታሁን፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ከመጻፍዎ በፊት አንድ ጊዜ ይሞክሯት።»

«ሦስት ገጽ ሞከርኳት እኮ፣ ልጄ። አርባውንም ብሰጣት አርባውንም ትወጣዋለች። መጽሐፍ አላነሳት፣ ፊደል ነው ያነሳት።»

እንዲህ ይበል እንጂ፣ እንደዚህች ያለች ሴት ኃላፊ ብትሆን እሱም ደስ ይለው ነበር። ግን ሥራ ሥራ ነው። መዝገቡን ስቦ ከፈተ፣ ብዕሩን ነከረ፣ ውጤቷንም በዚያ ሁሉ ሰው በሚያወድስለት የእጅ ጽሑፉ ቀስ ብሎ ያሰፍር ጀመር። የተፈታኙ ስም ከነአባት፣ ቀኑ፣ ከዚያም አስተያየት። ጮክ ብሎ አልተናገረውም፤ ሰው ፊት ሊያሳፍራት አልፈለገም።

ረሂማ ከጠረጴዛው ማዶ ፊት ለፊቱ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ዓይኗ መዝገቡ ላይ ነው፣ ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ዱዓ ላይ ናት ብሎ አሰበና ይብስ አሳዘነችው። የመጨረሻዋን አራት ነጥብ አድርጎ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ጓድ፣ አይቀየሙኝና» አለች ረሂማ ቀና ብላ፣ «‹አንዲት ፊደል እንኳ አትለይም› ያሉትስ ይሁን፤ የአባቴ ስም ግን ጀማሉዲን ነው፣ እርስዎ ሙሄዲን ብለው ጽፈውታል።»