ኦርኪዱ መርዝ ነው?

ውሻ ቤት ውስጥ መኖሩ ራሱ ያንገፈግፈኛል። ልጄ ግን ለልጅ ልጄ ለሶስና ብላ አስገባችው። ሶስና አፉን ስትስመው ባየሁ ቁጥር ጎትቼ አፏን አጥባታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ይኸው ውሻ፣ ቦቢ፣ የሳሎኑን ኦርኪድ ከነሥሩ ቦጫጭቆ በላና ምንጣፉ ላይ አስመለሰ። ቢጫ፣ የሚዝለገለግ፣ የሚከረፋ ነገር! አበባው መርዝ ቢሆንስ? ልጅቷ ስማው ቢሆንስ? የእንስሳት ሐኪሙ ጋ ደወልኩ።

«እማማ፣ ኦርኪድ ውሻ አይገድልም። ቢበዛ ሆዱን ቢያመው ነው» አለኝ።

«ታዲያ ውሻው ለምን እንዲህ ይዝለፈለፋል?»

«ሌላ ነገር በልቶ ይሆናል። እስቲ ትውከቱን ይዩት።»

«እኔ? የውሻ ትውከት?»

«ይዩት እንጂ፣ እማማ! ካልታወቀ በምን አክመዋለሁ?»

አፍንጫዬን በነጠላዬ አፍኜ በእንጨት ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። ግማሽ ግማሹ የሟሟ አራት ሮዝ ክኒን ወጣ። ወደ አበባው ማስቀመጫ ዞሬ ኦርኪዱ የተተከለበትን የእንጨት ቅርፊት ባነሳ፣ ከሥሩ ሌላ ሃያ የሚሆን ተቀብሯል። በየጠዋቱ ከጠበል ስንመለስ እኔው ውኃ እያቀበልኩ የማስውጣት የሶስና የልብ መድኃኒት ነው።

«ምነው ልጄ? ምን አድርጌሽ ነው?» ብዬ ጮኽኩባት።

ሶስና የውሻውን አንገት እንዳቀፈች ቀና ብላ አየችኝ።

«ጠበል የጀመረ ሰው ክኒን ከዋጠ አላመነም ማለት ነው ስትዪ ሰምቼሽ ነዋ፣ እምዬ።»