አንገት የምትፈልግ ታርጋ

«ተይው፣ እኔ እልጥልሻለሁ፤ ልብስሽን ያበላሽብሻል» ትላለች እናቷ፣ ማንጎውን በቀሚሷ ጠርዝ እየወለወለች።

ንዲንዳ ማንጎውን መች አየችው! ዓይኗ ከእናቷ ትከሻ አልፎ፣ ጃካራንዳው ዛፍ ሥር የቆመችው ሙምቤ ላይ ተተክሏል። ሙምቤ አንገት ላይ ታርጋዋ ተንጠልጥላለች። መዳፍ የምታህል ቆርቆሮ ናት፣ በሲባጎ የታሰረች። እዚህ አዳሪ ትምህርት ቤት ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ያመለጣት ልጅ ታጠልቃታለች፤ ሌላ ጥፋተኛ እስክትይዝም አታወልቃትም። ሙምቤ ዛሬ ጠዋት ትኩስ አጥሚት እግሯ ላይ ፈሰሰባትና «እማዬ!» ብላ በቤቷ ቋንቋ፣ በካምባኛ ጮኸች። እንግዲህ ማን በእንግሊዝኛ ይቃጠላል? በቃ፣ ታርጋዋ ገባችላት።

የእራት ደወል ሲደወል ታርጋዋ አንገቷ ላይ የተገኘች ልጅ፣ ሰኞ ማቻኮስ ከተማ ለሚደረገው የቃላት ውድድር አትሄድም። መምህር ኪሎንዞ አንዴ ብለዋል፣ ቃላቸው አይታጠፍም። ሙምቤም ንዲንዳም የቡድኑ ናቸው። ንዲንዳ ደግሞ ለዚያ ውድድር ዓመቱን ሙሉ ስትለፋ ነው የከረመችው። አንድ ቃል ይጥሩላት፤ አቻውን፣ ተቃራኒውን፣ ከስም ወደ ግሥ፣ ከግሥ ወደ ቅጽል እያገላበጠች ሳትተነፍስ ታወርደዋለች። «ሐዘን» ያሏት እንደሆነማ አያድርስ ነው፤ የሐዘን ዓይነት ሁሉ በመጽሐፍ እንግሊዝኛ ይንቆረቆራል።

«ምነው ዝም አልሽኝ? አሞሻል እንዴ?»

«በመልካም ጤንነት ላይ እገኛለሁ» ትላለች ንዲንዳ በእንግሊዝኛ።

እናቷ እንግሊዝኛ አትሰማም። በካምባኛ ማውራት እዚህ ግቢ ክልክል መሆኑንም የነገራት የለም፤ ወትሮ ለጉብኝት የሚመጣው አባትየው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሳቀች። «ውይ የኔ ልጅ! ሬዲዮ እኮ ነው የሆንሽው!» ብላ ጎን ወዳሉት ወላጆች ዞረች። «ሰማችሁልኝ?»

ወላጆቹ ፈገግ አሉ። ንዲንዳ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ታርጋዋ ሰበብ ሆነችላት እንጂ ያሳፈራት ሌላም ነበር፤ የእናቷ ድምፅ መጉላቱ፣ የጎማ ጫማዋ፣ እዚያ ሁሉ የታረመ ሰው መሃል ሣሩ ላይ እግሯን ዘርግታ መቀመጧ።

«በይ አሁን በኛው ቋንቋ አውሪኝ» አለች እናቷ፣ ቢላዋውን አስቀምጣ። «የምነግርሽ አለኝ።»

ሙምቤ ከጃካራንዳው ሥር ወጥታ ቀረብ አለች። ጫማዋን የምታስር መስላ አጎንብሳለች።

«ሰኞ ሆስፒታል ልተኛ ነው። ጡቴ ላይ እብጠት ወጥቶ፣ ይቆረጥ አሉ። አባትሽ ‹ውድድር አለባት፣ እንዳትነግሪያት› ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ዓይንሽን ሳላይ አልገባም ብዬ መጣሁ።»

ንዲንዳ አፏን ከፈተች። ሙምቤ ማሰሪያዋን መፍታት ጀመረች፣ መልሳ ልታስር።

«እጅግ አሳዛኝ ዜና ነው» አለች ንዲንዳ፣ አሁንም በእንግሊዝኛ። «ምሉዕ ፈውስ እንዲጎናጸፉ እመኛለሁ።»

ክፋቱ፣ ቃል መምረጧ ነው። «ፈውስ» ከማለቷ በፊት ሌሎች አቻዎች ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሰው ነበር፤ ያማረውን አንሥታ የቀሩትን መለሰቻቸው። ይህን ስታደርግ ራሷን አየች፤ ፊቷ በእሳት የተለበለበ ያህል ጋለ።

እናቷ የልጇን አፍ ትኩር ብላ አየች፤ ከዚያ ወደ ዓይኗ ወጣች። «ልጄ፣ ፈርቻለሁ እኮ» አለች ቀስ ብላ። «‹አይዞሽ› በይኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ እሱን ሰምቼ ልሂድ።»

አይዞሽ። ሕፃን እንኳ የሚለው፣ ወድቆ ለተነሣ ሁሉ የሚባል። በካምባኛ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። የሙምቤ ጥላ ማንጎዎቹ ላይ አርፏል።

«ብርታትን እመኝልዎታለሁ» አለች ንዲንዳ።

እናቷ ቢላዋውን ጠራርጋ በፌስታል ጠቀለለች፣ የቀሩትን ማንጎዎች ወደ ልጇ ገፋ አደረገች፣ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖር በተሻለ።

«ትምህርት ነዋ» አለች፣ ማንጎ ማንጎ በሚሸት እጇ የልጇን ጉንጭ እየነካች። «አይዞሽ የኔ እናት። አይዞሽ። እኔ ደህና ነኝ።»

ሄደች። ንዲንዳ ራሷ ልትለው የሚገባትን ቃል ከእናቷ አፍ ተቀብላ ቆማ ቀረች። ጉንጯ ላይ የማንጎው ውኃ ሲደርቅ ይሰማታል። በሩ ላይ የማታቱው ሚኒባስ ረዳት «ኪቱይ! ኪቱይ!» እያለ ይጣራል።

የመኪናው ጥሩንባ ሲነፋ ነው እግሯ የተፈታላት። ሮጠች። «እማዬ!» አለች በካምባኛ፣ ግቢው ሁሉ እስኪዞር። «እማዬ! አይዞሽ! እማዬ፣ አይዞሽ!»

ማታቱው ግን ሙዚቃውን ለቆ ተነሥቷል። እናቷ በወዲያኛው መስኮት በኩል ተቀምጣለች፤ የምትታየው ሻሿ ብቻ ነው፣ እሱም አልዞረም። አቧራው መጣና ንዲንዳ አፍ ውስጥ ገባ።

ዞር ስትል ሙምቤ ቁና ቁና እየተነፈሰች ኋላዋ ቆማለች። ንዲንዳ አንገቷን ዘንበል አደረገችላት። «አጥልቂልኝ» አለች፣ ያው በካምባኛ።

ሙምቤ ታርጋዋን በሁለት እጇ ይዛ አየቻት። ዓይኗ ቀልቷል።

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለች።

«ሰምተሻል! ግቢው ሁሉ ሰምቷል! ስጪኝ በናትሽ!»

«አልሰማሁም አልኩሽ እኮ!»

የእራት ደወሉ ተደወለ። ሙምቤ ቆርቆሮዋን ደረቷ ላይ መልሳ ወደ ምግብ አዳራሹ መንገድ ጀመረች። ንዲንዳ በሩ ላይ፣ ምንም ያልተንጠለጠለበት አንገቷን እንደደፋች ቀረች።