መብራቱ አልስማማ ያላቸው አባት

«በዛ! ዓይኔን ወጋኝ እኮ… ዝቅ አድርገው!»

አብዱራዛቅ እየተነጫነጨ ወንበሩ ላይ ወጣ።

ትናንት «ደበዘዘብኝ» ያሉት እኚሁ አባቱ ናቸው። ከትናንት ወዲያ ደግሞ «ሰማያዊው በዛ» ብለውት ነበር…

ኧረ ምን ጉድ ነው!

አባቱ ጋሽ እንድሪስ በጉብዝናቸው ጊዜ አሰብ ድረስ ከባድ መኪና የነዱ የሞጣ ሰው ናቸው። የባሕሩን ነገር አውርተው አይጠግቡም።

ሐኪሙ «የዓይናቸው ብርሃን እየሄደ ነው» ሲለው ልጃቸው እንቅልፍ አጣ።

«ሳይጨልምባቸው ባሕሩን አሳያቸዋለሁ!» አለ።

ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አቆመ። ጨዋማ ውኃ፣ ዓሣ፣ ድንጋይ የሚመስል ግን ነፍስ ያለው ኮራል… ምን ያልሞላው አለ!

ኮራል ደግሞ ያለ ልዩ መብራት አይኖርም። ከአዲስ አበባ የተላከለት መብራት በስህተት ቢቸና ቢወርድ፣ ሱቁን ዘግቶ ቢቸና ድረስ በረረ።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የሚባል የለም።

«አሁንስ ይታይዎታል አባባ?»

«ይታየኛል… ግን ትንሽ ከፍ ብታደርገው።»

ከፍ… ዝቅ… ከፍ… ዝቅ…

መብራቱ ሲቀያየርበት ኮራሉ መንጣት ጀመረ። ኮራል ነጣ ማለት ሊሞት ነው።

አብዱራዛቅ ጨነቀው። የአባቱ ዓይን በአንድ በኩል፣ ኮራሉ በሌላ በኩል እየጠፉበት ነው።

«አባባ፣ በአላህ አንዱን ይምረጡና ልተወው!» ብሎ ጮኸባቸው።



በማግስቱ አብዱራዛቅ ቢቸና የተዋወቀውን ኤሌክትሪሻን፣ የኔሰውን፣ መብራቱን እንዲያስተካክልለት አስመጣው። የኔሰው መብራቱን አጥፍቶ ነቀለና አወረደው። የውኃው ሞተር ብቻ ይንሿሿል…

ጋሽ እንድሪስ ፊታቸውን ወደ ገንዳው አዞሩ።

«አይ ልጄ… አሁንም በዝቷል። ቀንስልኝ እስቲ።»

መብራቱ የኔሰው እጅ ላይ ነው!

አብዱራዛቅና የኔሰው ተያዩ።

«አባባ… አያዩም እንዴ? ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ እኮ። ገንዳውን ስታመጣው ጥላ ጥላው ይታየኝ ነበር። አሁን እሱም የለም።»

«ታዲያ ለምን ከፍ ዝቅ ያስደርጉኛል?»

ጋሽ እንድሪስ አቀረቀሩ።

«ጥሩ ነው ካልኩህ ወደ ሱቅህ ትሄዳለህ። ጎደለው ስልህ ግን አጠገቤ ትቆያለህ… ስትነጫነጭ እንኳ ድምፅህን እሰማለሁ።»

አብዱራዛቅ እግራቸው ሥር ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የኔሰውም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«የኔሰው፣ መብራቱን ለኮራሉ እንደሚስማማው ስቀለው። ከእንግዲህ አንነካውም» አለ አብዱራዛቅ። ወደ አባቱ ጠጋ ብሎም እጃቸውን ያዘ። «እኔ ግን እዚሁ ነኝ አባባ። በሉ፣ ስለ አሰብ ይንገሩኝ።»

ቤተሰቦች… ለወላጆቻችን ዕቃ ልናመጣ ስንሯሯጥ፣ እነሱ የሚፈልጉት እኛኑ ነው። የሰለቸን ጭቅጭቃቸው እኮ አንዳንዴ «ትንሽ ቁጭ በል» ማለት ነው!

የእናንተስ አባት ወይም እናት፣ አጠገባቸው እንድትቆዩ ምን ሰበብ ፈጥረው ያውቃሉ? እስቲ ጻፉልን…