የሽታዬ ጉድጓድ

«እንዲህ ያለ ጥሩ ጉድጓድ ቆፍሮ ባዶውን የሚተው ማነው?» ብላ ነበር ሽታዬ። ወይም እንደዚያ ያለ ነገር። ጦና ያን ጊዜ ከጽድ ዛፉ ጀርባ ጎንበስ ብሎ ኳስ እየፈለገ ስለነበር ግማሹን ነፋስ ወስዶበታል። ፈረንጁ ዶክተር በተሰባበረ ወላይትኛቸው ምን እንደመለሱላትም ጨርሶ ጠፍቶታል፤ የሁለቱ ሳቅ ግን እስከዛሬ ጆሮው ውስጥ አለ። የሚስዮኑ ግቢ የአጥር ጎረቤት የሆነችው ሽታዬ፣ ለጎልፍ የተቆፈረው አራተኛው ጉድጓድ ለተክል የተዘጋጀ መስሏት፣ ኳሱ እንዲገባበት የተቀበረውን የወተት ጣሳ አውጥታ እንሰት ተክላበት ነበር።

«ኧረ ተናገር፣ ምን ልጻፍ?» አለው ኤርካሎ።

ጦና ወደ ድምፁ ዞረ። የዓይን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የሚስዮኑን ግቢ የሚዞረው የኤርካሎን ክንድ ይዞ ነው። ሁለቱም እዚሁ ኦቶና ሆስፒታል ውስጥ አርጅተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ እሱ ከላቦራቶሪ፣ ኤርካሎ ከድሬሰርነት። ደርግ ሳይመጣ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ከዶክተሩ ጋር ጎልፍ የሚጫወቱት እነሱ ብቻ ነበሩ። አሁን ዶክተሩ በአገራቸው አልጋ ላይ ወድቀዋል። በላኩት ደብዳቤ እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው አምስቱን ጉድጓዶች በሐሳባቸው እንደሚጫወቷቸው ገልጸው፣ «በየጉድጓዱ የምታስታውሱትን ጻፉልኝ» ብለዋል።

ሦስቱ ተጽፈዋል። አንደኛው ላይ የዶክተሩ ኳስ የጎረቤቱን የወልደመስቀልን ላም አስደንብሮ ሰውየው ካሣ ሊጠይቅ መጥቶ ሻይ ጠጥቶ ሄዷል። ሁለተኛው ላይ፣ ጽዱ ሥር፣ ልጁ ሜላት መወለዷ ሲነገረው ኤርካሎ ዱላውን ጥሎ ሮጧል። ሦስተኛው ላይ፣ አንሶላ የሚሰጣበት ገመድ አጠገብ፣ ዶክተሩ የእናታቸውን ሞት በሰሙ ማግስት አንድ ቃል ሳይናገሩ ተጫውተዋል።

አራተኛው ዛሬ ሳር የለውም። የውኃ ታንከር ቆሞበታል።

«ሽታዬን ጽፌያለሁ» አለ ኤርካሎ። «ዶክተሩ እንሰቱን አትንቀሉ፣ ኳሱ ከነካው እንደገባ ይቆጠራል ያሉትንም። በአንድ ምት የነካ ደግሞ ጉድጓዱ በስሙ ይጠራል ብለው ነበር፤ እሱንም። ማንም አልነካም፣ የሽታዬ ጉድጓድ እንደተባለ ቀረ።»

«ያንተን ቅዳሜ ጻፍ።»

«የቷን?»

«ከጉብታው ማዶ ሆነህ፣ እንሰቱ ሳይታይህ በመጀመሪያው ምት የላክሃትን ኳስ። እኔ እንሰቱ አጠገብ የቆምኩ ጊዜ።»

ኤርካሎ ሳቀ። «እሷማ አልነካችም። አንተው ነህ የነገርከኝ።»

«ነክታለች።»

ከታንከሩ ሥር ውኃ ይንጠባጠባል። የጦና እጅ የያዘው ክንድ ጠጠር አለ።

«ቅጠሉን መትታ ወደቀች። አይቻለሁ። አንተ ሮጠህ መጣህና ነካ ወይ አልከኝ፣ አልነካም አልኩህ። ዶክተሩም ጠየቁኝ፣ ለሳቸውም አልነካም አልኩ።»

«ለምን?»

«ጠዋት ነርሶቹ ፊት አመታቴን እያስመሰልክ፣ እንጨት ፈላጭ ብለህ አስቀህብኛል።»

«ሁልጊዜም እንዲያ እልህ የለ?»

«ያን ቀን ከነርሶቹ መሃል ጥሩዬ ነበረች።»

«ጥሩዬማ አገባችህ እኮ፣ ሰውዬ።»

«አገባችኝ።»

ኤርካሎ ክንዱን ሳብ አደረገ። በቁጣ አልነበረም፤ የሚያሳክከውን ነገር ሊያክ እንደሆነ ሰው ነው ያደረገው። ግን ክንዱን አልመለሰለትም። ጦና ብቻውን፣ የትኛው ወገን ታንከር የትኛው ወገን መንገድ እንደሆነ ሳይለይ ቆመ።

«ሰምቻት ነበር» አለ ኤርካሎ፣ ድምፁ ራቅ ብሎ። «ጧ ስትል። ቤት ገብቼ ለሚስቴ ነግሬያታለሁ። እሷ፣ ጦና አልነካም ካለ አልነካም፣ ጆሮህ ነው አለችኝ። እኔም ጆሮዬ ነው አልኩ። ከገዛ ጆሮዬ ይልቅ አንተን አመንኩ።»

ዶክተሩም ለጦና የላቦራቶሪውን ቁልፍ ሲሰጡት ሠራተኛው ሁሉ ፊት «ጦና አየሁ ካለ፣ እኛም አይተናል» ብለው ነበር። ሥራውን የሠራው፣ ልጆቹን ያሳደገው፣ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆነው በዚያች ቃል ነው።

«እና አሁን ምን አመጣው?»

«ነገ የጌታ እራት ነው። ራሳችሁን መርምሩ በተባለ ቁጥር ሁሉንም እመረምርና ይቺን ኳስ እዘላታለሁ። ኳስ ናት፣ ምን ትሆናለች እያልኩ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ዘለልኳት።»

«እሺ፣ ነገርከኝ። ይቅር ብዬሃለሁ። ወደ አምስተኛው እንሂድ።»

«መጀመሪያ ጻፈው።»

«አልጽፍም።» አሁን ቁጣው መጣ። «አልጋ ላይ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ስለ አንተ ያላቸውን እምነት እኔ በገዛ እጄ ላፍርሰው? እንዲያው እኔ ልሁን አፍራሹ?»

«የዋሸሁት ለሁለታችሁ ነው፣ ኤርካሎ። አንተ ይቅር ያልከኝ የድርሻህን ነው።»

«ሌላ ሰው ይጻፍልህ።»

«ለሌላ ሰው ልነግረው አልችልም። ዓይኔ ቢያይ ኖሮ አንተንም አላስቸግርህም ነበር።»

ከወደ ሆስፒታሉ በር አንድ አስታማሚ ጮክ ብሎ የሰው ስም ተጣራ፤ የሚመልስለት ጠፋ፤ ደግሞ ተጣራ። ጦና እጁን ሳይዘረጋ ጠበቀ። ኤርካሎ ሄዶ ይሁን ቆሞ አያውቅም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ የወረቀት መገለጥ ሰማ።

«አላሳምርልህም» አለ ኤርካሎ።

«አታሳምር።»

«እንግሊዝኛዬም እንደዱሮው አይደለም። ቀስ እያልክ ተናገር። እጽፈዋለሁ።»